የደጋው ባለሱቅ መታሰቢያ፤ የመካነ ሰላምና የአካባቢው ነጋዴ አባት ኑሮ

ስለ ንግድ በሚጻፈው ሁሉ ስማቸው አዘውትሮ የሚነሣው ዕቃውን ከወደብ የሚያስመጣው አስመጪና ምርቱን ወደ ውጭ አገር የሚልከው ላኪ ናቸው። ይህም የሚገባ ነው። ነገር ግን አስመጪው ያስመጣው አቡጀዲ በመጨረሻ በክንድ የሚለካው፣ ላኪው የሚልከውም ቆዳ በመጀመሪያ የሚገዛው በትንሽ ከተማ፣ አንዲት በር ባላት ሱቅ ውስጥ ነው። የዚያች ሱቅ ባለቤት ከሞተ በኋላ ስሙ በመጽሐፍ አይገኝም፤ የሚያስታውሱት ልጆቹ፣ ደንበኞቹና አብረውት ማኅበር የጠጡት ብቻ ናቸው። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የአንድን ሰው ስም ለይቶ ሳያነሣ፣ በምዕራባዊው የደቡብ ወሎ ደጋ የኖረውን ነጋዴ፣ ክርስቲያኑን የቤተሰብ አባት፣ በሥራውና በኑሮው ያስታውሳል።

መካነ ሰላም በቀድሞው የወሎ ጠቅላይ ግዛት የቦረና አውራጃ ዋና ከተማ የነበረች ስትሆን፣ ዛሬ በደቡብ ወሎ ዞን የቦረና ወረዳ መቀመጫ ናት። ከደሴ በስተ ምዕራብ 180 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ፣ ከባሕር ወለል በላይ ከ2,500 ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ስሟ የሰላም ስፍራ ማለት ነው። አቀማመጧ ግን ለነጋዴ ሰላም የሚሰጥ አይደለም። በምዕራብ የአባይ ገደል፣ በሰሜን የበሽሎ ሸለቆ ይከቧታል፤ በምሥራቅ በኩል ወደ ደሴ የሚወጣ ሰው የለጋምቦን ብርድ ማለፍ አለበት፤ እዚያው የሚታየው የአምባ ፈሪት ተራራ ወደ 4,000 ሜትር ይጠጋል። ስለዚህ ከዚያ አገር ተነሥቶ መነገድ ማለት ወይ ቆላ መውረድ ወይ ብርድ መውጣት ማለት ነበር።

በጥንት ዘመን በክርስቲያኑ ባላገርና በመኳንንቱ ዘንድ ንግድ የተከበረ ሥራ እንዳልነበረ ይታወቃል። የጨዋ ልጅ ሥራው ወይ እርሻ፣ ወይ ክህነት፣ ወይ ውትድርና ነው ይባል ነበር። የሩቅ አገሩን ንግድ በብዛት የያዙት እስላሞች ስለ ነበሩ፣ በብዙ ስፍራ ነጋዴ ሲባል ሰሚው እስላም ማለት ይመስለው ነበር። መንገዱም ቢሆን የሚያስመካ አልነበረም። ሚሲዮናዊው ዮሐን ሉድቪግ ክራፕፍ በ1834 ዓ.ም. ከአንኮበር ተነሥቶ በወሎ በኩል ወደ ጎንደር ለመሄድ ሲሞክር፣ አዳራ ቢሌ የተባለው የወሎ ሹም ይዞ ንብረቱን ዘርፎታል። የሸዋው ንጉሥ እንግዳ እንዲህ ከሆነ፣ በሁለት አህያ አሞሌ ጨው ጭኖ በየኬላው ቀረጥ እየከፈለ የሚያልፈው ሲራራ ነጋዴ ምን ያህል በሰው ቸርነት ይጓዝ እንደ ነበር መገመት አያዳግትም።

እንግዲህ ከገበሬ ቤት የተወለደው ክርስቲያን ልጅ አህያ ገዝቶ ንግድ ሲጀምር፣ መጀመሪያ የሚያሸንፈው ገደሉን ሳይሆን የገዛ ዘመዶቹን ትዝብት ነበር። ገበሬው፦ «ሳያርስ የሚበላ፣ በሚዛን የሚሰርቅ» እያለ ያማዋል። ይህን ሐሜት በክርክር ማስተባበል አይቻልም። የሚያስተባብለው ዓመት ከዓመት ሳይዛባ የሚቆይ ሚዛንና ቁና ብቻ ነው። በአማርኛ እምነት የሚለው ቃል ለሃይማኖትም ለንግድም አንድ መሆኑ ለዚህ ሰው እንዲያው የቃል መገጣጠም አልነበረም። በእሑድ ቤተ ክርስቲያን የሚቆመውም፣ በገበያ ቀን ሚዛን የሚይዘውም ያው ሰው ነው፤ የሚያዩትም ያው ሰዎች ናቸው። በትልቅ ከተማ ነጋዴ ደንበኛውን ደግሞ ላያየው ይችላል። በመካነ ሰላም ግን ያታለሉት ሰው በማግሥቱ በለቅሶ ቤት ጎን ለጎን ይቀመጣል።

የዚህ ነጋዴ ሥራ መስፋፋት የጀመረው ከ1933 ዓ.ም. ነጻነት በኋላ ነው። በጣሊያን ጊዜ የተሠራው ከአሰብ በኮምቦልቻ ወደ ደሴ የሚወጣው መንገድ የባሕሩን ዕቃ በጭነት መኪና ወደ ወሎ አፍ አቀረበው። ይሁን እንጂ መኪናው ደሴ ሲደርስ ለደጋው ነጋዴ ሥራው ገና መጀመሩ ነበር። አቡጀዲውን፣ ካኪውን፣ ስኳሩን፣ ሻዩን፣ ክብሪቱን፣ ሳሙናውንና በጣሳ የመጣውን ላምባ በበቅሎና በአህያ አስጭኖ ብዙ ቀን ይጓዛል። ሲመለስ ደግሞ ሌጦ፣ ማር፣ ሰምና ቅቤ ያወርዳል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ በ1938 ዓ.ም. ሥራ ከጀመረ በኋላ በየአውራጃው ሜዳ በሚያርፉት ዲሲ ሦስት አውሮፕላኖች ብዙ ሩቅ ከተሞችን ሲያገናኝ፣ መካነ ሰላምም የማረፊያ ሜዳ አገኘች። ነገር ግን አውሮፕላን ለሰውና ለደብዳቤ እንጂ ለጨው ጆንያ የሚያዋጣ አልነበረም።

በ1937 ዓ.ም. የኢትዮጵያ ብር በወረቀት ሲወጣ የማርያ ቴሬዛ ጠገራ ብር ከገበያ እንዲወጣ ታዘዘ። የደጋው ባላገር ግን ወረቀቱን በቶሎ አላመነም፤ ጠገራውን በማድጋ ውስጥ ቀብሮ የሚያቆይ ብዙ ነበር። በዚያ ጊዜ የመንግሥትን ገንዘብ ለባላገር ያስለመደው ባንክ አልነበረም፤ ወረቀቱን ተቀብሎ ጨው የሚሰጠው፣ ወረቀቱን ሰጥቶ ቅቤ የሚገዛው ባለሱቅ ነው። ይህ አገልግሎቱ እስካሁን በሚገባ አልተመሰገነለትም።

ነጋድራስ ገብረ ሕይወት ባይከዳኝ ከሞቱ በኋላ በ1916 ዓ.ም. በታተመው «መንግሥትና የሕዝብ አስተዳደር» በተባለው መጽሐፋቸው፣ ዕውቀት የሌለው ሕዝብ ጥሬ ዕቃውን እየሰጠ የተሠራ ዕቃ ሲለውጥ ድካሙ ለሌላ እንደሚገባ አስረድተዋል። ይህ ሐሳብ በሱቁ ባንኮኒ ላይ በዐይን የሚታይ ነበር፤ ብዙ ሌጦ ይገባል፣ ጥቂት ክንድ ጨርቅ ይወጣል። ባለሱቁ የኢኮኖሚ መጽሐፍ ባያነብም ነገሩን ያውቀው ነበርና፣ ልጆቹን ለማስተማር የነበረው ትጋት ከዚህ የመጣ ይመስላል። ልጁ በቤተ ክርስቲያን ዳዊት ከደገመ በኋላ ወደ መንግሥት ትምህርት ቤት ይገባል፤ ከዚያም በብዙ ወጪ ወደ ደሴ፣ በእቴጌ መነን እናት ስም ወደ ተሰየመው ወደ ወይዘሮ ስሂን ትምህርት ቤት ይላካል። የቤት ኪራዩ በየወሩ፣ በሶውና ድርቆሹ በየነጋዴው ጭነት ላይ ይላክለታል። ልጁ ተምሮ ጸሐፊ ወይም መምህር ሲሆን ወደ ሱቁ አይመለስም። አባትየው ይህን እያወቀ ነበር የሚያስተምረው።

ስለ ሱቁ ሲነገር የባለቤቱ ሚስት ሳትነሣ ማለፍ ትልቅ ስሕተት ነው። ባልየው ደሴ ወርዶ በሚሰነብትበት ጊዜ ሱቁን የምትከፍተው፣ ቅቤውን አሽትታ የምትገዛው፣ ማን ምን እንደ ወሰደ በቃሏ የምትይዘው እርሷ ናት። ብዙዎቹ ሴቶች መጻፍ አልተማሩም፤ ነገር ግን ባል ከደብተሩ ያነበበውን ሚስት ከትዝታዋ የምታርምበት ቤት ጥቂት አልነበረም። የሱቁም መነሻ ገንዘብ ብዙ ጊዜ ከእርሷ የጠላና የአረቄ ሽያጭ፣ ወይም በእርሷ ስም ከተጣለ ዕቁብ የወጣ ነው። የንግድ ፈቃዱ ግን የሚጻፈው በባልየው ስም ነበር።

የክርስቲያን ነጋዴ ዓመት የሚቆጠረው በጾምና በበዓል ነው። ዐቢይ ጾም ብቻ 55 ቀን ነው፤ ረቡዕና ዓርብ ሌሎቹም አጽዋማት ሲደመሩ ምእመኑ በዓመት ከ180 ቀን በላይ ይጾማል። ይህ የሃይማኖት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የገበያም ጉዳይ ነው። ጾም ሲገባ የቅቤና የዕንቁላል ዋጋ ይወርዳል፤ የኑግ ዘይት፣ የሽሮ እህልና የበርበሬ ፈላጊ ይበዛል። ቅቤን በጾም ገዝቶ ለፋሲካ ማቆየት የሚችል፣ ማለትም ዕቃና ትዕግሥት ያለው ነጋዴ፣ ያተርፋል። ለቤተ ክርስቲያኑም ዕጣን፣ ጧፍና ለቍርባን የሚሆን ዘቢብ የሚያመጣ እርሱ ነው። በነዚህ ላይ ትርፍ ማትረፍን የሚጠየፍ ነጋዴ ነበር፤ የሚያተርፍም ነበር፤ ሰዉም ሁለቱን ለይቶ ያውቃቸው ነበር። መስከረም 21 ቀን ወደ ግሸን ማርያም የሚሳለመው ነጋዴ አምባሰል ሲደርስ መንፈሳዊ ስእለቱን ፈጽሞ፣ በዚያው የሩቅ አገሩን የእህል ዋጋ ሰምቶ ይመለሳል። ይህንንም ማንም እንደ ነውር አይቆጥርበትም።

ደንበኞቹ ግን ክርስቲያኖች ብቻ አልነበሩም። በ1999 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብ ቆጠራ የደቡብ ወሎ ዞን ሕዝብ ከ2 ሚሊዮን 500 ሺህ በላይ ሲሆን፣ ከመቶው 70 ያህሉ እስላም ነው። ስለዚህ ክርስቲያኑ ነጋዴ ጨውን የሚገዛው ከእስላም፣ ሌጦን የሚያስረክበው ለእስላም፣ በመንገድም ሲመሽ የሚያድረው በእስላም ቤት ሊሆን ይችላል። የሥጋው ነገር ተለይቶ ይታረዳል፤ ሰርጉና ለቅሶው ግን አይለይም። ገንዘብ በአደራ ሲላክ፣ የሚታየው የተላከው ሰው ጠባይ እንጂ ሃይማኖቱ አይደለም። አደራ ጥብቅ ሰማይ ሩቅ የሚለው አባባል ለሁለቱም ወገን ይሠራ ነበር።

አሁን ወደ ዱቤው ደብተር እንምጣ፤ የዚህ ሰው ሀብት ከመደርደሪያው ይልቅ በዚያ ውስጥ ነበርና። ገበሬው ገንዘብ የሚያገኘው አዝመራው ሲሰበሰብ ነው፤ ጨርቅና ጨው የሚፈልገው ግን ዓመቱን ሙሉ ነው። ባለሱቁ በክረምት ሰጥቶ በጥር ይቀበላል። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ለብድር የሚከፈለው ወለድ ከመቶ 12 እንዳይበልጥ ወስኗል፤ አራጣም በቤተ ክርስቲያንም በመስጊድም የተወገዘ ነው። ይሁን እንጂ የዱቤ ዋጋ ከእጅ በእጅ ዋጋ ከፍ ብሎ ሲጻፍ ወለዱ በዋጋው ውስጥ ተሸሽጎ ይገባል። ደጉ ነጋዴም ቢሆን ከዚህ ፈጽሞ ነጻ ነበር ማለት አይቻልም፤ ከደብተሩ ላይ ብዙው በዝናቡ ምክንያት ሳይከፈል የሚቀር ነውና። ልዩነቱ በመጠኑ ላይ ነበር።

ይህ ደብተር የተፈተነው በ1965 ዓ.ም. በወሎ ረሃብ ጊዜ ነው። ስለዚያ ረሃብ ብዙ ሰው እህል ስለ ጠፋ ዋጋው ሰማይ ወጣ ብሎ ያስባል። በ1998 እ.ኤ.አ. በኢኮኖሚ የኖቤል ሽልማት ያገኙት ህንዳዊው አማርትያ ሴን ግን በ1981 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት መጽሐፍ ሌላ ነገር አሳይተዋል። በደሴ ገበያ የእህል ዋጋ ከድርቁ በፊት ከነበረው እጅግ የራቀ አልነበረም፤ እንዲያውም ሕዝቡ እየተራበ ከወሎ ወደ አዲስ አበባና ወደ አሥመራ የሚወጣ እህል ነበር። ምክንያቱ ገበሬው የሚገዛበት ገንዘብ ማጣቱ ነው። እርሻው ከከሸፈበት የሚሸጠው እህል የለውም፤ ከብቱን ሊሸጥ ሲወጣ ሁሉም ሻጭ ሆኖ ስለሚወጣ የበሬ ዋጋ ይወድቃል። ገዢ በሌለበት ደግሞ እህሉ ገዢ ወዳለበት ይሄዳል።

እህል ያለው የትንሽ ከተማ ነጋዴ በዚህ ጊዜ የቆመበትን ስፍራ ማሰብ ይገባል። እህሉን አስጭኖ ቢልክ ማንም አይከሰውም፤ ንግዱ እንደዚያ ነው። በዱቤ ቢሰጥ ተበዳሪው ይኑር ይሙት አያውቅም። የተራበው ጎረቤቱ ጥማድ በሬውን ይዞ በሩ ላይ ሲመጣ በወደቀው ዋጋ መግዛትም ወንጀል አልነበረም፤ ዋጋውን ያወጣው ገበያው ነውና። ነገር ግን በሬ የሌለው ገበሬ በክረምት አያርስም፤ ካላረሰ በጥር ዕዳውን አይከፍልም፤ ካልከፈለ ሱቁ በሁለተኛው ዓመት ይዘጋል። ስለዚህ በሬውን በርካሽ ከመግዛት ይልቅ ገብስ በዱቤ መስጠት ለነፍስ ብቻ ሳይሆን ለሱቁም የሚበጅ ስሌት ነበር። ይህን ስሌት ያሰላ ነጋዴ ነበር፤ ጎተራውን ቆልፎ የጠበቀም ነበር። ሁሉንም ቅዱስ አድርጎ መጻፍ የሞቱትን ማክበር አይሆንም። ደግሞም አንድ ነጋዴ ያለውን ሁሉ ቢያካፍል ወረዳ ሊያበላ አይችልም፤ ይህ የመንግሥት ሥራ ነበር፤ መንግሥትም ዘገየ።

ከዚያ በኋላ የመጡት ዓመታት ለደብተሩ ባለቤት ይበልጥ የከበዱ ነበሩ። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት የመንግሥት ሲሆን፣ ለእርጅናው ብሎ ሁለት ክፍል ቤት ሠርቶ ያከራየ ነጋዴ ከኪራዩ ተለያየ። በ1968 ዓ.ም. አዋጅ የችርቻሮ ነጋዴ ካፒታል ከ200,000 ብር እንዳይበልጥ ተወሰነ፤ ይህ ለመካነ ሰላም ባለሱቅ እጅግ ሩቅ የሆነ ገደብ ስለ ነበረ አላስጨነቀውም። ያስጨነቀው አንድ ሰው ከአንድ የንግድ ዘርፍ በላይ እንዳይዝ መባሉ ነው፤ ጨርቅ ሻጭም፣ እህል ገዢም፣ ሌጦ ሰብሳቢም ሆኖ ካልሠራ በትንሽ ከተማ አይኖርምና። በ1969 ዓ.ም. መጀመሪያ ገንዘቡ እንደገና ተቀየረ። የእርሻ ሰብል ገበያ ድርጅት እህልን በተወሰነ ዋጋ መግዛት ሲጀምር፣ የግል እህል ነጋዴ በየኬላው እንደ ጥንቱ ዘመን መፈተሽ ጀመረ። ይህ እገዳ የተነሣው በ1982 ዓ.ም. ነው። በመካከሉ የ1977 ዓ.ም. ረሃብ አልፏል፤ በዚያ ጊዜ በደጋው ከተማ ብዙው ጎተራ ባዶ ነበር።

ከብዙ ችግር ጋር የኖረው ይህ ሰው በእርጅናው ጊዜ መንገዱ ሲለወጥ ያየ ነው። ልጆቹ በመኪና ደሴ ደርሰው ይመለሳሉ። ከመካነ ሰላም ወደ ጎጃም ጉንደ ወይን የሚወስደው መንገድም አባይን በድልድይ ያሻግራል፤ አባቱ በዋና ተሻግሮ በቅሎውን ያሻግርበት የነበረው ወንዝ ማለት ነው። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲም በከተማዋ ግቢ አለው፤ ባለሱቆቹ ዛሬ ከላምባ ይልቅ ደብተርና የስልክ ካርድ ይሸጣሉ። ዱቤው ግን አልጠፋም።

ነጋዴው ሲታመም በመጀመሪያ የሚጠራው የነፍስ አባቱን ነው። ሽማግሌዎች ተሰብስበው ኑዛዜ ሲናዘዝ ለማን ምን እንዳለበትና ማን ምን እንዳለበት በአፉ ይዘረዝራል። በሕጉ ግን በግልጽ የሚደረግ ኑዛዜ በጽሑፍ ሆኖ በ4 ምስክሮች ፊት መነበብ አለበት፤ በዚህ ጉድለት ምክንያት ወራሾች በፍርድ ቤት ሲከራከሩ ሱቁ ተዘግቶ የሚቆይበት ጊዜ አለና፣ ዛሬ በሥራ ላይ ያሉት ነጋዴዎች ይህን ቢያስቡበት ይጠቅማቸዋል። በኑዛዜው ላይ ብዙ ጊዜ የሚሰማው ነገር ግን የዕዳ ምሕረት ነው። ባልየው የሞተባትን ሴት፣ በሬው ያለቀበትን ሰው፣ በረሃቡ ዓመት ወስዶ ያልመለሰውን በስም እየጠራ «ይቅር ብያለሁ» ይላል፤ ጸሐፊውም በዚያ ስም ላይ መስመር ያሰምራል።

የአርባው ተዝካር ካለፈ በኋላ ልጆቹ ደብተሩን ይከፍታሉ። አንዳንዱ ዕዳ ያረጀና ቀለሙ የጠፋ ነው፤ አንዳንዱ በእናትየው ትዝታ ብቻ ይገኛል። ከሩቅ ቀበሌ የመጣ አንድ ገበሬ፣ ስሙ በደብተሩ ላይ ሳይገኝ፣ የነጠላውን ጫፍ ፈትቶ ገንዘብ ቆጥሮ ማስቀመጡ በደጋው እንግዳ ነገር አይደለም። መበለቲቱም ትቀበለዋለች፤ ቡና አፍልታ ታስቀምጠዋለች፤ ለመንገዱም ጨው ትጨምርለታለች።